ሰዓቱ የሚለካው ምንድን ነው? ስለ ቼዝ ሰዓት የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የቼዝ ወዳጆች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ከሰሌዳው አጠገብ ስለሚቀመጠው ባለ ሁለት ፊት ሰዓት ነው። ቼዝ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ዕቃ የሚተዋወቀው ከሁሉ ነገር በኋላ ነው። በቅድሚያ የጠጠሮቹን አካሄድ፣ ቀጥሎ የአጀማመር ስልቶችን፣ ከዚያም የጨዋታ አጨራረስን ይማርና፣ ወደ ውድድር በገባበት ዕለት "እርምጃህን ስትጨርስ ይህን ትጫናለህ" ይባላል፤ በዚያው ያበቃል። እኔ ግን በዳኝነት ባሳለፍኋቸው ዓመታት እጃቸውን አንሥተው ከጠሩኝ ተጫዋቾች የሚበዙት የጠሩኝ በሰሌዳው ላይ ስላለው ነገር ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነበር። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ ሲመላለስብኝ ኖሯል፦ ይህ ሰዓት የሚለካው የተጫዋቹን ማሰብ ነው ወይስ የእጁን ፍጥነት? እምነቴን ከወዲሁ ልናገር። የቼዝ ሰዓት የተፈጠረው የማሰቢያን ጊዜ ለሁለት ሰዎች በትክክል ለማካፈል ነው፤ በየእርምጃው የሰከንድ ጭማሪ የማይሰጥ ሰዓት ግን ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ይህን ዓላማውን ይስታል። ይህን ለማለት ያበቃኝን ነገር ከታሪኩ ጀምሬ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1851 ለንደን ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ሲካሄድ በጠረጴዛው ላይ ሰዓት አልነበረም። ባለ ተራው የፈለገውን ያህል ያስባል፤ ተጋጣሚው እስኪጨርስ ድረስ ይጠብቃል። የውድድሩ አዘጋጅ የነበረው እንግሊዛዊው ሀዋርድ ስታውንተን ለሦስተኛነት በተደረገው ግጥሚያ በኤላይጃ ዊሊያምስ ተሸንፎ አራተኛ ወጣ፤ ስለ ውድድሩ ባሳተመው መጽሐፍም የዊሊያምስን ከልክ ያለፈ ዝግታ አምርሮ ነቀፈ። ቅሬታው ከተሸናፊ አፍ የወጣ በመሆኑ በጥርጣሬ የሚመለከቱት አሉ፤ እኔ ግን ሰውየው ተሸነፈም አሸነፈም የጠቆመው ችግር እውነተኛ ነበር እላለሁ። የማሰቢያው ጊዜ ባለቤት ስላልነበረው፣ ረዘም አድርጎ መቀመጥ የሚችል ሰው የሌላውን ቀን እንደ ራሱ ይጠቀምበት ነበር። በ1857 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የአሜሪካ የቼዝ ጉባኤ የፍጻሜ ግጥሚያ ቶሎ ቶሎ የሚጫወተው ፖል ሞርፊ በዝግታው ከሚታወቀው ከሉዊ ፖልሰን ፊት ሲቀመጥም ነገሩ ያው ነበር፤ ሞርፊ በመጨረሻ ቢያሸንፍም ከግጥሚያው የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፈው በመጠበቅ ነው።

ፈረንጆቹ በመጀመሪያ የሞከሩት መፍትሔ የአሸዋ ሰዓት ነበር። በ1861 አዶልፍ አንደርሰንና ኢግናዝ ኮሊሽ ለንደን ላይ ሲገጥሙ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው የአሸዋ ብልቃጥ ተሰጣቸው፤ 24 እርምጃዎችን በ2 ሰዓት ውስጥ መጨረስም ግዴታቸው ሆነ። ባለ ተራው ሲያስብ ብልቃጡ ቆሞ አሸዋው ይወርዳል፤ እርምጃውን ሲጨርስ ብልቃጡ በጎኑ ይጋደምና አሸዋው ባለበት ይቆማል። ዕቃው ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን በቼዝ ታሪክ ውስጥ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ትልቁ በዚያች ብልቃጥ ውስጥ እንዳለ ይሰማኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊዜ እንደ ጠጠሮቹ ሁሉ "የእኔ" እና "የአንተ" የሚባል ንብረት ሆኗል። ፈረሱን አላግባብ ያስበላ ሰው ፈረሱን እንደሚያጣ፣ ጊዜውን አላግባብ ያጠፋም ሰው የራሱን እንጂ የተጋጣሚውን አያጠፋም።

ጊዜውን የጨረሰ ሰው ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ግን ወዲያው አልተመለሰም። በ1867 በተካሄደው የፓሪስ ውድድር የተሰጠውን ጊዜ ያሳለፈ ተጫዋች የሚቀጣው በገንዘብ ነበር። ይህ ቅጣት ብዙ ያልቆየበትን ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ተጨማሪ ማሰቢያ ይገዛል ማለት ነውና። ከዚያ በኋላ የጸናው ሕግ ዛሬም የምናውቀው ነው፤ ጊዜው ያለቀበት ይሸነፋል።

ለዚህ ሕግ የሚመጥን መሣሪያ የተገኘው በ1883 በለንደኑ ውድድር ነው። የማንቸስተሩ ቶማስ ብራይት ዊልሰን ሁለት ሰዓቶችን እንደ ሚዛን በሚያጋድል አንድ አግዳሚ ላይ አቀመጣቸው፤ አንዱ ወገን ወደ ታች ሲጫን በዚያ በኩል ያለው ሰዓት ይቆምና የሌላው መቁጠር ይጀምራል። ይህን ሐሳብ ደጋግሜ ባሰብሁት ቁጥር ያስደንቀኛል። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን ሁለት ሰዎች ቢያስነሡና ቢያቆሙ ኖሮ በመካከል የማንም ያልሆነ ክፍተት ወይም በሁለቱም ላይ የሚቆጠር ጊዜ መፈጠሩ አይቀርም ነበር። በዊልሰን ሚዛን ግን የአንዱ መቆምና የሌላው መነሣት አንድ ድርጊት ነው። በኋላ የመጡት ሰዓቶች፣ በላያቸው ላይ ቁልፍ ያላቸው፣ በዘንግ የሚቆጥሩት ባለ ሽክርክሪቶቹም ሆኑ የዛሬዎቹ ዲጂታሎች፣ መልካቸው ይለያይ እንጂ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ባለ ሽክርክሪቱ ሰዓት አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ጊዜው በትክክል መቼ እንዳለቀ በዓይን አይቶ ለመፍረድ ያስቸግራል። በ1899 አካባቢ ከኔዘርላንድ የመጣው መላ ባንዲራው ነው። ባንዲራ የምንላት ከ12 ቁጥር አጠገብ የተንጠለጠለች ትንሽ ቀይ ምልክት ናት፤ የደቂቃው ዘንግ ወደ 12 ሲቃረብ ከሥሯ ገብቶ ያነሣታል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይለቃትና ትወድቃለች። ዛሬ ሰዓቱ ዲጂታል ሆኖ በፊቱ ላይ አንዲት ባንዲራ እንኳ ባይኖርም፣ ጊዜው ያለቀበትን ተጫዋች "ባንዲራው ወደቀ" የምንለው ከዚያ ወርሰነው ነው። መልካምነቷ ፍርዱን ከሰዎች ክርክር ማውጣቷ ነው። ጉድለቷ ደግሞ ከመውደቋ በፊት ስላለው ጊዜ ምንም የማትናገር መሆኗ ነው። ባንዲራው ተነሥቶ የተንጠለጠለ ተጫዋች የቀረው አንድ ደቂቃ ይሁን ግማሽ ደቂቃ በትክክል ማወቅ አይችልም፤ ዘንጉ በጥቂቱ ቢጎብጥ፣ ባንዲራዋ በጥቂቱ ብትላላ ልዩነቱ ጨዋታ ያስበላል።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ክፍል ልግባ።

የቼዝ ሰዎች "ሳይትኖት" የሚሉት የጀርመንኛ ቃል አለ፤ በእኛ ቋንቋ የሰዓት ጥበት ብንለው ይስማማል። አንድ ተጫዋች 40 እርምጃ በ2 ሰዓት እንዲጨርስ ተሰጥቶት፣ በ25ኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ የቀረው 5 ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ ለቀሪዎቹ 15 እርምጃዎች በአማካይ ያለው 20 ሰከንድ ነው። ይህ የሚደርሰው በሰነፍ ተጫዋች ላይ አይደለም። ሳሙኤል ሬሼቭስኪ በዘመኑ ከነበሩት ኃያላን አንዱ ሆኖ ሳለ ዕድሜውን ሙሉ በሰዓት ጥበት ሲጨነቅ ኖሯል፤ ለመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ብዙ ያስብና የመጨረሻዎቹን በጥድፊያ ይጫወት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚመነጨው ከጥንቃቄ ነው፤ ሁለት ጥሩ እርምጃዎች ያየ ሰው የተሻለውን ለመለየት የሚያወጣው 20 ደቂቃ፣ ልዩነቱ የማይረባ መሆኑን ከተረዳ በኋላ አይመለስለትም። ለወጣቶች ሳስተምር የምመክረው፣ ተጋጣሚው በሚያስብበት ጊዜ ስለ ጨዋታው አጠቃላይ አቅጣጫ እንዲያስቡና የእርምጃ ስሌቱን ለራሳቸው ተራ እንዲያቆዩት ነው፤ የተጋጣሚው ሰዓት ሲቆጥር ማሰብ የሚከለክል ሕግ የለምና። ሌላም የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ተጋጣሚው በሰዓት ጥበት ውስጥ ሲገባ ራሱ ሰፊ ጊዜ ያለው ተጫዋች አብሮ መጣደፍ ይጀምራል፤ ሳይታወቀው የራሱን ሀብት ጥሎ በሌላው ድህነት ይጫወታል። ለማሸነፍ ተቃርበው ሳለ በዚህ መንገድ የተበላሹ ጨዋታዎችን ብዛት እኔ ራሴ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የጊዜን ባለቤትነት ከሁሉ አጥብቆ ያሳየው ዕለት የመጣው በ1972 ነው። በሬይክያቪክ ቦሪስ ስፓስኪና ቦቢ ፊሸር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወቱ፣ በሁለተኛው ጨዋታ ዋና ዳኛው ሎታር ሽሚድ የፊሸርን ሰዓት አስነሣ፤ ፊሸር ግን አልመጣም። ባለቤቱ የሌለበት ወንበር ፊት ለፊት ሰዓቱ አንድ ሰዓት ቆጥሮ ጨረሰና ጨዋታው ለስፓስኪ ተሰጠ። ፊሸር ግጥሚያውን ከዚያ ተነሥቶ ማሸነፉን ሁሉም ያውቃል። ከዓመታት በኋላ የቼዝን ሰዓት ከሥሩ የለወጠውም እርሱ ነው። በ1988 ያመለከተበትና በ1989 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተሰጠው ዲጂታል ሰዓት፣ ተጫዋቹ አንድ እርምጃ በጨረሰ ቁጥር በሰዓቱ ላይ የተወሰኑ ሰከንዶች ይጨምርለታል። ሰዓቱ በ1992 ከስፓስኪ ጋር በስቬቲ ስቴፋንና በቤልግሬድ ባደረገው ዳግም ግጥሚያ በሥራ ላይ ዋለ።

ዲጂታል የቼዝ ሰዓት ከዚያም በፊት ነበር፤ በ1973 ብሩስ ቼኒ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪ ሠርቶ ነበር። ከባለ ሽክርክሪቱ የሚለይበት ዋናው ነገር ሰከንዱን ማሳየቱ ነበር። የፊሸር አዲስ ነገር ሐሳቡ ነው፤ ጊዜ የሚያልቅ ብቻ ሳይሆን በመሥራት የሚገኝም ሊሆን ይችላል የሚለው። በዚህ ስልት የሚጫወት ሰው ፈጥኖ ከተጫወተ የተረፈውን ሰከንድ ማጠራቀም ይችላል። የሶቪየቱ ተጫዋች ዴቪድ ብሮንስታይን ያቀረበው ስልት ከዚህ ይለያል፤ በእርሱ ስልት ተጫዋቹ በእርምጃው ላይ ያጠፋው ጊዜ እስከ ተወሰነው ልክ ድረስ ብቻ ይመለስለታል፣ ስለዚህም ሰዓቱ ከነበረበት በላይ ፈጽሞ አይወጣም። በአሜሪካ የሚዘወተረው የመዘግየት ስልት ደግሞ በየእርምጃው መጀመሪያ ሰዓቱ ለጥቂት ሰከንዶች ሳይቆጥር ይቆያል። ሦስቱም የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ተራው የደረሰ ሰው ጠጠሩን አንሥቶ የሚያስቀምጥባትን ቅጽበት ያህል ጊዜ ሊነፈግ አይገባም።

የጭማሪውን ጥቅም ለመረዳት የቅርብ ጊዜ የሻምፒዮንነት ግጥሚያዎችን ማየት ይበቃል። በ2021 በዱባይ እና በ2023 በአስታና የተጠቀሙበት አከፋፈል አንድ ዓይነት ነበር፦ ለመጀመሪያዎቹ 40 እርምጃዎች 120 ደቂቃ፣ ለቀጣዮቹ 20 እርምጃዎች 60 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው 15 ደቂቃና ከ61ኛው እርምጃ ጀምሮ በየእርምጃው 30 ሰከንድ ጭማሪ። እስከ 60ኛው እርምጃ ድረስ ጭማሪ የሚባል አልነበረም ማለት ነው። በዱባዩ ስድስተኛ ጨዋታ ማግነስ ካርልሰንና ኢያን ኔፖምኒያሽቺ ወደ 40ኛው እርምጃ ሲጠጉ ሁለቱም ሰዓት አጥሯቸው ተራ በተራ ዕድል አመለጣቸው። ያው ጨዋታ ወደ 8 ሰዓት ገደማ ቆይቶ በ136ኛው እርምጃ በካርልሰን አሸናፊነት ተፈጸመ፤ በሻምፒዮንነት ግጥሚያ ታሪክ ረጅሙም ሆነ። የመጨረሻዎቹ 70 ከሚበልጡ እርምጃዎች የተካሄዱት በዋናነት በ30 ሰከንድ ጭማሪ ነው፤ ካርልሰንም በዚያች ጭማሪ ጥቂት ጥቂት እየገፋ ተጋጣሚውን ከመከላከያው ሊያስወጣው ችሏል።

ከዚህም ይልቅ የሚነካኝ የአስታናው ነው። በሰባተኛው ጨዋታ ዲንግ ሊረን ከኔፖምኒያሽቺ ጋር በተወሳሰበ አቋም ላይ ሳለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጫወታቸው በርካታ እርምጃዎች ቀርተውት ነበር። በዚህ ጊዜ ከሰሌዳው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል እንደ ደነገጠ ሰው ፈዞ ቀረ፤ ያችው ጥቂት ጊዜ ሳይጠቀምባት ወረደች፣ ጨዋታውንም አጣ። ግጥሚያው በእኩል ነጥብ አልቆ ወደ ራፒድ፣ ማለትም ወደ ፈጣን ጨዋታ፣ ሲዛወር ግን የሰዓቱ ስልት ተለወጠ፤ ለእያንዳንዱ 25 ደቂቃና በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ። በአራተኛው ጨዋታ አቻ የሚያደርገው የእርምጃ ድግግሞሽ በእጁ እያለ፣ የዲንግ ሰዓትም ወደ ማለቁ እየተቃረበ ሳለ፣ ዲንግ ሩክ የተባለውን የራሱን ጠጠር ለንጉሡ ጋሻ አድርጎ እንዳይንቀሳቀስ በፈቃዱ አሰረውና ለማሸነፍ መጫወትን መረጠ፤ አሸነፈም፣ የዓለም ሻምፒዮንም ሆነ። ሁለቱን ሁኔታዎች የለየው ሰዓቱ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም፤ በሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል። ነገር ግን አንድ ሰው በየእርምጃው 10 ሰከንድ እንደሚመጣለት ሲያውቅ አደጋ ያለበትን መንገድ ለመምረጥ የሚደፍርበት መሠረት እንዳለው ግልጽ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ የሚያነሡትም የማከብራቸው ሰዎች ናቸው። ጊዜን መቆጣጠር የቼዝ ችሎታ አንድ ክፍል ነው፣ ጭማሪ ከተሰጠ ያባከነ ሰው አይቀጣም፣ ተመልካቹም የመጨረሻውን ግርግር ይወዳል ይላሉ። ለመጀመሪያው ክርክር የምሰጠው መልስ፣ በጭማሪ የሚጫወት ሰውም ጊዜውን ካባከነ ክፉኛ ይቀጣል የሚል ነው፤ ለከባድ አቋም 10 ወይም 30 ሰከንድ ብቻ ይዞ መቅረት ቀላል ቅጣት አይደለም። ልዩነቱ ቅጣቱ በማሰብ ላይ መውደቁ ነው። ጭማሪ በሌለበት ግን የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚፈርዱት ጠጠር በማንሣትና ቁልፍ በመጫን ላይ ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ አረጋዊና ቀልጣፋ ወጣት እኩል አቋም ይዘው እኩል 10 ሰከንድ ቢቀራቸው ውጤቱን ከወዲሁ መናገር ይቻላል። ሁለተኛውን ክርክር ማለትም የተመልካቹን ደስታ እረዳዋለሁ፤ ለእርሱ ሲባል ግን አምስት ሰዓት ያሰቡበት ሥራ በእጅ ቅልጥፍና እንዲፈረድ አልፈልግም።

ሕጉ ራሱ ለዚህ ስጋት ቦታ ሰጥቷል። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ሕግ፣ ባንዲራው የወደቀበት ተጫዋች የሚሸነፈው ተጋጣሚው በማናቸውም ሕጋዊ የእርምጃ ቅደም ተከተል ማት ሊያደርገው፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ሊያሸንፈው የሚችል ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ጨዋታው አቻ ነው። ብቻውን ንጉሥ የቀረው ሰው የተጋጣሚው ሰዓት ስላለቀ አያሸንፍም። ተጫዋቹ ቁልፉን መጫን ያለበት ጠጠሩን ባንቀሳቀሰበት በዚያው እጅ ነው፤ በቀኝ እየተጫወቱ ግራ እጅን በሰዓቱ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ አይፈቀድም። ጠጠር የጣለ ሰው የሚያስተካክለው በራሱ ጊዜ ነው፤ ጥሎ ቁልፉን ቢጫን ተጋጣሚውን በገዛ ጊዜው ጠጠር ያስለቅመዋል ማለት ነውና። አዲስ ተጫዋቾች እነዚህን ሕጎች እንደ ጥቃቅን ሥርዓት ያዩዋቸዋል፤ እያንዳንዳቸው ግን የተጻፉት አንዱ የሌላውን ጊዜ እንዳይወስድ ነው።

አዘጋጆች የሚጠይቁኝ ስለ አከፋፈሉ ስለሆነ ስሌቱን ባጭሩ ላስቀምጥ። ፊዴ የጨዋታውን ዓይነት የሚለየው መነሻው ጊዜ ላይ የ60 እርምጃ ጭማሪ ደምሮ ነው። 3 ደቂቃና 2 ሰከንድ ጭማሪ ሲደመር 5 ደቂቃ ስለሚሆን ብሊትዝ ነው፤ 15 ደቂቃና 10 ሰከንድ 25 ደቂቃ ስለሚሆን ራፒድ ነው። እስከ 10 ደቂቃ ያለው ብሊትዝ፣ ከ10 በላይ ሆኖ ከ60 ደቂቃ በታች ያለው ራፒድ ይባላል። በረጅሙ ጨዋታ ጭማሪው 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ተጫዋቹ እርምጃዎቹን እስከ መጨረሻው መጻፍ አለበት፤ ጭማሪ ከሌለ ግን ከ5 ደቂቃ በታች የቀረው ሰው መጻፉን ሊያቆም ይችላል። ለዳኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተጻፈ ጨዋታ ክርክር ሲነሣ መፍረጃ አለው።

ከዳኝነት ዘመኔ አንድ ጨዋታ አልረሳም። ሰዓቶቹ ባለ ሽክርክሪት ነበሩ፣ ጭማሪም አልነበረም። አንድ ወጣት ሩክ በልጦ፣ ከአራት ሰዓት የተጣራ ሥራ በኋላ፣ ባንዲራው ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር፤ ተጋጣሚው የጠበቀው የዚያችን መውደቅ ብቻ ነው፤ እርምጃዎቹ ትርጉም አልነበራቸውም። ባንዲራዋ ወደቀች፤ ተጋጣሚው አንድ ወታደር ስለቀረው በሕጉ ማት ሊያደርግ ይችላል ይባላልና ለእርሱ ፈረድሁ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ልጁ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ ሲመልስ አጠገቡ ቆሜ የምለው ነገር አጣሁ።

ስለዚህ ጭማሪ ያለው ሰዓት ለማግኘት ለሚቸገሩ አዘጋጆች አንድ የሕጉን ክፍል ላስታውስ። ፊዴ ለእንደዚህ ያለው ጨዋታ ያስቀመጠው መመሪያ አለ፤ የሚሠራው ግን በውድድሩ ላይ ተፈጻሚ እንደሚሆን አስቀድሞ ከተነገረ ብቻ ነው። በመመሪያው መሠረት ባለ ተራው ከ2 ደቂቃ በታች ከቀረው፣ የሚቻል ከሆነ ለሁለቱም በየእርምጃው 5 ሰከንድ ጭማሪ እንዲገባ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው እንደ አቻ ግብዣ ይቆጠራል፤ ተጋጣሚው ካልተቀበለና ዳኛው ከተስማማ ሰዓቱ በጭማሪ ይስተካከልና ለተጋጣሚው 2 ደቂቃ ይጨመርለታል። ባለ ሽክርክሪት ሰዓት ብቻ ባለበት አዳራሽ ውስጥ እንኳ አንድ ሁለት ዲጂታል ሰዓት በዳኛው ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ፣ ይህም ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለተጫዋቾቹ ቢነገር፣ ሩክ በልጦ እጁ ያልቀደመለት ልጅ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል፤ ዳኛውም የሚያደርግለት።